መድኃኒትን ስለ መፍራትና ስለ መምረጥ

በአገራችን ልማድ መገጣጠሚያን የሚያውክ ሕመም ሁሉ «ቍርጥማት» በሚል በአንድ ስም ይጠራል። ሽማግሌው ጕልበቱን ሲያመው፣ ገበሬው ወገቡን ሲይዘው፣ የባልቴቲቱ ጣቶች ሲያብጡ፣ ስሙ ያው ቍርጥማት ነው፤ ምክንያቱ ያው ብርድ ነው፤ ምክሩም ያው «ሙቅ ልበስ፣ ታሸት፣ ቻለው» የሚል ነው። ስሙ አንድ የሆነ ነገር ደግሞ መድኃኒቱም አንድ ይመስላል። የሕክምና ትምህርት ግን በዚህ በአንድ ስም ሥር የተጠለሉትን ሕመሞች ለያይቶ ያሳየናል። አንደኛው ከዕድሜና ከድካም ብዛት የተነሣ በዐጥንት ጫፍ ያለው ልም ዐጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛው ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚነሣው ሪህ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰውነትን ከጠላት እንዲጠብቅ የተሠራው ኀይል ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኖት የገዛ ሰውነቱን ሲወጋ የሚፈጠረው ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም በእኛ በራሳችን ላይ ደርሶ፣ የታዘዘልንን መድኃኒት ለመውሰድ ወይም ለመተው መወሰን ግድ ሆኖብን ነበርና።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ቋንቋ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይባላል። ስሙን በ1859 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) ያወጣለት አልፍሬድ ጋሮድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ሐሳቡም ሕመሙን ከሪህ ለመለየት ነበር። ሪህ ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መገጣጠሚያ፣ ይልቁንም በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት ይነሣል። ይህኛው ግን ቀስ ብሎ፣ በሁለቱ እጆች ወይም በሁለቱ እግሮች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ ይጀምራል፤ ሌሊቱን ካረፉ በኋላ ጧት ይብሳል፤ ሲንቀሳቀሱበት ይላላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጠው በ2019 ዓ. ም. 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶው 70 ያህሉም ሴቶች ናቸው። ብርድ ሕመሙ እንዲሰማን ያደርግ ይሆናል እንጂ የሕመሙ ምንጭ አይደለም።

የእኛ ኑሮ በማስተማር ነው። ጧት በ12 ሰዓት ተነሥተን የሸሚዛችንን ቍልፍ መቈለፍ የሚያቅተን፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩልም ድረስ ጣቶቻችን እንደ ደረቀ ቈዳ አልታጠፍ የሚሉን ሆኑ። በሰሌዳው ፊት ቆመን ስንጽፍ ጠመኔው ከእጃችን ይወድቅ ጀመር፤ ተማሪዎቹም እየተሽቀዳደሙ ያነሡልን ነበር። ወደ ሐኪም ቤት በሄድን ጊዜ ሐኪሙ ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ጨብጦ መረመረ፤ ደማችን ተመረመረ፤ እጃችን በራጅ ተነሣ። ከሳምንት በኋላም የሕመሙን ስም ነገረን፤ ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ይህ ሕመም ፈጽሞ የሚነቀልበት መንገድ እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን የሚገታበት መድኃኒት አለ፤ ጊዜው አሁን ነው። አስበው ይወስኑ።»

ሐኪሙ እንዳስረዳን ለዚህ ሕመም የሚሰጡት መድኃኒቶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ዲክሎፌናክና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት ናቸው፤ እነዚህ ሥቃይን ያስታግሣሉ፣ እብጠትንም ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን የመገጣጠሚያውን መበላት አያቆሙም፤ ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱም ጨጓራን ሊያቈስሉና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሁለተኛዎቹ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት የኮርቲዞን ወገኖች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ የሕመሙን አካሄድ የሚገቱ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በመላው ዓለም ሐኪሞች አስቀድመው የሚመርጡት ሜቶትሬክሴት የተባለው ነው።

የኮርቲዞን ታሪክ ለማንም አስተዋይ ሰው ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ1948 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር በሜዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም በዚህ ሕመም የተያዘችን አንዲት ወጣት ሴት በዚህ መድኃኒት ቢወጋት፣ መራመድ ተስኗት የነበረችው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በ1950 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜና በብዛት ሲሰጥ ዐጥንትን እንደሚያሳሳ፣ የደም ግፊትንና ስኳርን እንደሚያስነሣ፣ ሰውነትንም ለልዩ ልዩ በሽታ እንደሚያጋልጥ ታወቀ። ዛሬ ሐኪሞች በጥቂቱና ለአጭር ጊዜ፣ ሌላው መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ እንደ ድልድይ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ፈጥኖ ደስ የሚያሰኝ ሁሉ ፈውስ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ሜቶትሬክሴት እንመለስ። መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤት ተቀብለን ወደ ቤታችን ከገባን በኋላ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግተን አነበብነው። ጉበትን ሊጎዳ ይችላል ይላል፤ ሳንባን ሊያውክ ይችላል ይላል፤ የደም ሕዋሳትን ሊያሳንስ ይችላል ይላል፤ ማቅለሽለሽና የአፍ ቍስል ሊያመጣ ይችላል ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባችንም «ይህ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው!» አለን። እውነቱን ነው። በ1948 ዓ. ም. ሲድኒ ፋርበር የተባለው የቦስተን ሐኪም በደም ካንሰር የታመሙትን ሕፃናት ለማከም አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ሰጥቶ ነበር፤ ሜቶትሬክሴትም የዚሁ የአሚኖፕተሪን የቅርብ ዘመድ ነው። በ1951 ዓ. ም. አሚኖፕተሪን ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚጠቅም ተጻፈ፤ ሜቶትሬክሴትም በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1988 ዓ. ም. ነው። ነገር ግን ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መጠኑ የተለያየ ነው። ለካንሰር ሲሰጥ በመቶና በሺህ ሚሊግራም እስከ መቈጠር ሊደርስ ይችላል፤ ለዚህ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ቢሆን ነው። እሳት ቤት ያቃጥላል፤ ያው እሳት ደግሞ እንጀራ ይጋግራል።

እናታችን ግን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ እጅህን አድናለሁ ብለህ ጉበትህን እንዳታጣ። ጸበሉ አይሻልህም?» አሉን። የእናት ቃል ቀላል አይደለምና ብዙ አሰብንበት። የንስሐ አባታችንን ብንጠይቃቸው በመጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተነገረውን አስታወሱን፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም በየሥርዓቱ መያዝ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማያስጥል ነገሩን። እናታችንም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ጥቂት ዐረፈ።

የእኛ ልብ ግን ገና አላረፈም ነበር። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ደጋግመን ስናነብ አንድ ነገር ተገለጠልን። መድኃኒት የሚያደርሰውን ጉዳት ሁሉ በወረቀት አስጽፎ በሳጥኑ ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ ሕመም ግን ወረቀት ይዞ አይመጣም። ሕመሙም እንደ መድኃኒቱ የራሱን ጉዳት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢገደድ ኖሮ ምን ይጻፍ ነበር? መገጣጠሚያን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን እያበጠ ልም ዐጥንቱንና ዐጥንቱን እንደሚበላ ይጻፍ ነበር፤ ጣቶች ከመስመራቸው ወጥተው እንደሚጣመሙና የተጣመመውም በመድኃኒት እንደማይቃና ይጻፍ ነበር፤ ሳንባንና ዐይንን ሊነካ እንደሚችል፣ የልብ በሽታንም እንደሚያበዛ ይጻፍ ነበር። ይህ ወረቀት ባለመኖሩ ብቻ፣ መድኃኒት አለመውሰድ ምንም ጉዳት የሌለበት ምርጫ መስሎ ይታየናል። እውነቱ ግን መተውም ራሱ ምርጫ ነው፤ ዋጋም አለው።

የዚህን ዋጋ ልክ ለማየት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኦጉስት ረኗርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ረኗር በዚህ ሕመም በሃምሳ ዓመቱ ገደማ ተይዞ በ1919 ዓ. ም. እስኪሞት ድረስ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ኖረበት። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ስለ ደረቁ፣ ብሩሹን ሌላ ሰው በጣቶቹ መካከል ያስገባለት ነበር፤ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይሥል ነበር። ጽናቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ረኗር በዘመኑ ሕመሙን የሚገታ መድኃኒት ስላልነበረ የሚመርጠው ነገር አልነበረውም። እኛ ግን የሚመረጥ ነገር በእጃችን ነበረ።

ሁለቱን ወረቀቶች፣ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን፣ ጎን ለጎን አድርገን ስንመዝን አንድ ትልቅ ልዩነት አገኘን። የመድኃኒቱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በደም ምርመራ ሊታይ ይችላል፤ ከታየም መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም መድኃኒቱ ይቆማል። በሕመሙ የተበላ ዐጥንት ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የዛሬ ሐኪሞችም መገጣጠሚያው ከመበላቱ በፊት፣ ሕመሙ እንደ ታወቀ ወዲያው መድኃኒቱ እንዲጀመር የሚመክሩት ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ተመልሰን ለመጀመር መወሰናችንን ገለጥንለት፤ ጥያቄዎቻችንንም በወረቀት ጽፈን አቀረብን። እርሱም በትዕግሥት መለሰልን። አስቀድሞ ደማችንን ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለደም ሕዋሳት አስመረመረ፤ ወፍ በሽታ ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ እንዳይኖርብን አጣራ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት እንዳይኖርም ደረታችንን በራጅ አየ። ከዚያም እንዲህ ሲል አጥብቆ አሳሰበን፦ «ይህ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የሚዋጥ መስሏቸው ወስደው ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ቀኑን ይምረጡና በሳጥኑ ላይ ይጻፉት።» እኛም በማግሥቱ ዕረፍት ስለ ሆነ ቅዳሜ ማታን መረጥን። ጉዳቱን የሚያቀልል ፎሊክ አሲድ የተባለ ቪታሚን በሌላ ቀን እንድንወስድ ታዘዘልን። ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ከመድኃኒቱ ጋር ተባብረው ጉበትን ስለሚጎዱ እንድንተዋቸው፣ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን የታወቀ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ፈቃድ ከእርሱ ጋር ፈጽሞ እንዳንወስድ ተነገረን።

ምርጫው ለሁሉም ሰው አንድ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡርና ለመውለድ ላሰበች ሴት አይሰጥም፤ ለእንዲህ ያለችው ሐኪሙ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ወይም ሰልፋሳላዚንን ሊመርጥላት ይችላል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአገራችን ለወባ ሲሰጥ የኖረው የክሎሮኪን ዘመድ ነው፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዐይን ምርመራ ያስፈልገዋል። ጉበቱ የታመመ ሰውም ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። ጎረቤትን የጠቀመ መድኃኒት እኔንም ይጠቅመኛል ብሎ መውሰድ፣ ጎረቤትን ጎዳ ተብሎ ከመፍራት አይሻልም።

የሆነውን በአጭሩ እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእሑድ ጧት ማቅለሽለሽ በቀር ምንም ለውጥ አላየንም፤ ሐኪሙ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ታገሡ ብሎን ስለ ነበረ ታገሥን። በሦስተኛው ወር የጧቱ መድረቅ ከሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። በአምስተኛው ወር የደም ምርመራው ጉበታችን ጥቂት እንደ ታወከ አሳየ፤ መጠኑ ተቀነሰ፤ በሚቀጥለው ምርመራም ጉበታችን ወደ ደኅና ሁኔታው ተመለሰ። እንግዲህ የፈራነው ነገር መምጣቱ አልቀረም፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ዘበኛ ቆሞ ስለ ነበረ ሳያጠፋ ተመለሰ። ጠመኔውን ዛሬም እንይዛለን፤ አልፎ አልፎ ጣቶቻችን ያብጣሉ፤ ደማችንንም በየሦስት ወሩ እንመረመራለን።

በመጨረሻ ለአንባብያን አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን የተማረ ሰው በቤተ ሰቡና በሰፈሩ የመድኃኒት ወረቀት አንባቢ ነው። አክስት ወይም ጎረቤት ሳጥኑን ይዛ መጥታ «እስቲ ምን ይላል?» ስትለው፣ የተጻፈውን ጉዳት ቈጥሮ አንብቦላት ቢመልሳት፣ ሳያውቀው ፈርዶባታል ማለት ነው። ጉዳቱን አይሸሽግ፤ ነገር ግን ያልተጻፈውንም ወረቀት አብሮ ያንብብላት፤ ባይወሰድ ምን እንደሚመጣ፣ መድኃኒቱ በምን ምርመራ እንደሚጠበቅ፣ በስንት ጊዜ እንደሚሠራ ሐኪሟን እንድትጠይቅ ይርዳት። ከዚያ በኋላ ምርጫው የራሷ ነው፤ ሕመሙን የምትሸከመውም፣ መድኃኒቱን የምትውጠውም እርሷ ናትና። ማንበብ የተማርነው ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎትም ጭምር ነው ብለን እናምናለን።