በቀን 33 ደቂቃ

ከመካከላችሁ ወላጆቹን በር ላይ ብቻ የሚያገኝ አለ። እናት ከሥራ ስትገባ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣል፤ ልጅ ሲመለስ አባት ለማታ ሥራ መኪናውን ያስነሳል። በሰው አገር የሚኖር ቤተሰብ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ገደል ነው፤ ነገር ግን ገደሉ ስለዚች ስለ በር ላይ ሰዓት ያስተማረኝ ነገር አለ።

ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን አባቴ በስንት ጊዜው ሁለት ቀን ዕረፍት አገኘ። ከምንኖርበት ከአውሮራ ተነስተን ወደ ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ወደ ብላክ ካንየን ኦፍ ዘ ጋኒሰን ብሔራዊ ፓርክ ተጓዝን። መንገዱ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመሐሉ ሞናርክ የሚባል፣ ከፍታው ከ3,400 ሜትር የሚበልጥ የተራራ መተላለፊያ አለ። እናቴ ፍርፍርና በፔርሙስ ሻይ ይዛለች፤ ታናሽ እህቴ መስኮቱን ይዛ ትዘፍናለች።

የግራንድ ካንየንን ፎቶ የለመደ ሰው ሰፊ ነገር ይጠብቃል። ይህኛው ጠባብ ነው። እስከ አፋፉ ድረስ ቁጥቋጦ የሸፈነው ደልዳላ መሬት ስለሆነ ገደል መኖሩን እንኳ አትጠረጥሩም። ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ፊት ለፊት ፔይንትድ ዎል የሚባለው ግድግዳ ቆሟል፤ በጥቁሩ አለት ላይ ሐምራዊ መስመሮች እንደ ጥለት ተዘርግተውበታል። ቁመቱ 685 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሦስት ጊዜ ቢደራረብ እንኳ አናቱ ላይ አይደርስም። ከሥር የጋኒሰን ወንዝ እንደ ነጭ ክር ይታያል፤ ድምፁ ግን እስከ ላይ ይሰማል። ሸለቆው እጅግ በጠበበበት ቦታ ግርጌው 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እናቴ የእህቴን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ «ተመስገን» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ወንዙ ይህን ሁሉ እንዴት ፈለፈለው? መጀመሪያ የፈሰሰው ላይ በነበረው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነበር። አልጋውን ቆፍሮ ከገባ በኋላ ከሥር ጠንካራው ድንጋይ ገጠመው። ያን ጊዜ አቅጣጫ መቀየር አልቻለም፤ በራሱ ቦይ ተይዟል። ስለዚህ ያንኑ ድንጋይ ይበላ ጀመር፤ በ100 ዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህን ስተረጉምለት አባቴ ሳቀና «እንደ እኛ ነዋ! አንዴ ከገባህበት በኋላ መቆፈር ብቻ ነው» አለ።

ከዚያ እህቴ ሌላ ነገር አነበበች፦ በአንዳንድ ቦታ የሸለቆው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው በቀን 33 ደቂቃ ብቻ ነው። ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ እኛም አንተን የምናገኝህ እኮ ይህንኑ ያህል ነው» አለች። ወቀሳ አልነበረም፤ የሂሳብ ጉዳይ ነበር። አባቴ ሌሊቱን ታክሲ ነድቶ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ እኛ 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን።

አባቴ ወንዙን እያየ ዝም አለ። ቆይቶ እንዲህ አለን፦ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ ይበዛል። ሌሊቱን ሙሉ ከሠራሁት የሚበልጠው ገንዘብ ያለው በዚያ ሰዓት ነው። ጓደኞቼ ያን ጊዜ ነው የሚሮጡት። እኔ 11 ሰዓት ሲሆን ስልኩን አጥፍቼ ወደ ቤት እዞራለሁ። ሳትወጡ ልድረስ ብዬ ነው።»

እናቴ ታውቅ ነበር መሰል፣ ሻይ መቅዳቷን አላቋረጠችም። እኛ ግን በዓመታት ውስጥ ያን ቀን ሰማን። ያቺ ግማሽ ሰዓት ከሥራ የተረፈች ፍርፋሪ ትመስል ነበር። ለካስ ከሌሊቱ ሁሉ ውድ የሆነችው፣ በየቀኑ ዋጋ የሚከፈልባት ሰዓት ናት።

ደግሞም ሸለቆው ሕይወት አልባ አይደለም። በዚያ ጥላ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል፤ ወንዙ በትራውት ዓሣ የታወቀ ነው። ብርሃኑ አጭር ቢሆንም በየቀኑ ይመጣል፤ በዚያችው ይኖራሉ።

እናንተም በቤታችሁ ያለችውን አጭር ሰዓት ቁጠሯት። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ምን እንደምታስወጣቸው ጠይቋቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩም። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ሻይ የሚፈላው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ተራው የእኔና የእህቴ ነው።