የአምስት ወሩ ተማሪ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ፈተናና ስለ ካፍቴሪያው ሽሮ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዛሬ የራሴን ጥፋት ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥፋቱ በኮምፒዩተር የተሠራ ቢሆንም ኮምፒዩተር የማትወዱም ብታነቡት አይከፋኝም፤ ነገሩ ከሮስተር አያያዝ ጋር አንድ ነውና።

በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለስ ነበር። ጧት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ ማታ ሹራብ ደርቦ ወደ ጦሳ ብርድ መመለስ ነው። የተመደብሁበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መዝገብ የሚይዘው በትልልቅ ደብተር ነበር። እኔም ጥቂት ፕሮግራም መጻፍ እሞካክራለሁና «ላግዛችሁ» ብዬ ገባሁ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ ሳቅ ብለው፣ «አብሽር ልጄ፣ ሥራው። ደብተሩ ግን ይቆያል» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ኋላ ቀርነት ነው አልሁ።

የሠራሁበት መሣሪያ ጃንጎ ይባላል። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። የተወጠነው በአሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ በአንዲት ከተማ ጋዜጣ ቤት ሲሆን፣ ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። (ጋዜጠኞች ቤት ከተወለደ ለእኛ ለግድግዳዎቹም ዘመድ ነው ማለት ነው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ መምህር የልጁን ስምና የትውልድ ቀን በቅጹ ላይ ሞልቶ ሲልክ፣ ጃንጎ የተላከውን ሁሉ በአንድ ዕቃ አድርጎ ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ዕቃው ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ታነበዋለህ እንጂ አትለውጠውም። የኔ ችግር ታዲያ ጳጉሜን ነበረች። መምህራኑ ቀኑን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፓይተን ቀን ግን ከ12 ወር በላይ አያውቅም፣ 13ኛ ወር ብትሰጠው ስሕተት ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ቀኑን እዚያው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልቀይረው ስል «ይህ የማይለወጥ ነው» የሚል መልስ መጣብኝ።

ቁልፉን ፍለጋ አንድ ሌሊት ፈጀሁ። ለካስ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል! በፓይተን ስሙ ከታች በተሰመረ ሰረዝ የሚጀምር ነገር «የውስጥ ነውና አትንካው» ማለት ነው፤ ዘበኛ ግን የለውም። «ሚዩተብል» የሚባለውን እንዲህ ያለ ስም «እውነት» ብለህ ብትጽፈው ዕቃው ወለል ብሎ ይከፈታል። አንድ መስመር ብቻ! በፓይተን ከምር የማይለወጡ ነገሮች አሉ፤ የፊደል ጽሑፍ አንዱ ነው። ይህኛው ግን መለወጥ እየቻለ በይሉኝታ ብቻ የታሸገ ነው። ይሉኝታውን ጣልሁት፤ ሠራልኝም። ደስታዬ ለጉድ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጉዱ ወጣ። አንድ መምህር ጳጉሜን 3 ቀን 2009 የተወለደ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሲመዘግቡ የአያቱን ስም ዘለሉ። ጃንጎ ጉድለት ያለበትን ቅጽ ሲመልስ የተላከውን እንዳለ ይዞ ነው። የተላከው ግን እኔ በውስጡ የቀየርሁት ነበር፤ 8/9/2017 ይላል። 2017 ለእኛም ያኔ ያለፈው ዓመት ስለነበረ ዓይን አይወጋም ነበር። መምህሩም ቀይ የበራውን የአያት ስም ብቻ ሞልተው መልሰው ላኩ። ፕሮግራሜ ያንን ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ተረዳና እንደገና ለውጦ እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2025 አደረገው። የሁለተኛ ክፍሉ ጎበዝ የአምስት ወር ሕፃን ሆኖ ቁጭ አለ። መምህሩ አንዴ ደግሞ ቢሳሳቱ ኖሮ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2033 የሚወለድ ይሆን ነበር።

እንዲህ የሆኑት ሦስት ልጆች ናቸው። ዝርዝሩ በዕድሜ ተደርድሮ ሲታተም «የልደት ማስረጃ ይቅረብ» ተባለና ወላጆች ተጠሩ። የአንደኛው እናት ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፍ ባላየ ዓይኗ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። «ልጄን ልታስወጡት ነው?» አለች። ማንም ቶሎ አልመለሰላትም። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። አንደበቴ ተሳሰረ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ያልሁት እትዬ ወንበር ከሰጧት በኋላ ነው።

ማታ ደሴ ተመልሼ መመሪያውን በደንብ አነበብሁ። «ግልባጭ አውጣና ግልባጩን ለውጥ» ይላል። አደረግሁት፤ ግን የለወጥሁትን ግልባጭ ለቅጹ መልሼ ስለሰጠሁት ችግሩ ያው ሆነ። ቆልፎ መክፈቱ ብቻ አልነበረም ለካ። ጃንጎ ቅጹን ሲያጣራ የተጣራውን መልስ ለብቻው ያስቀምጣል፣ የመጣው እንደመጣ ይቆያል። ቅያሪውን ወደዚያ ወሰድሁት። አሁን ቅጹ አሥር ጊዜ ቢመለስ መምህሩ የሚያዩት ራሳቸው የጻፉትን ጳጉሜን ነው።

የተበላሹትን ሦስቱን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻል ነበር። የዚያችን እናት ፊት ካየሁ ወዲህ ግን በስሌት ማመን አልፈለግሁም። መምህሩ መጀመሪያ የላኩት ቃል በማሽኑ ውስጥ የለም፤ እኔው ነኝ የደለዝሁት። ስለዚህ በማግሥቱ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። ደብተሩን ገለጡት። ልጁ ጳጉሜን 3 ቀን 2009 ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከበላዩ ባለው ረድፍ ደግሞ የቆየ እርማት አለ፤ አሮጌው ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፣ ግን ይነበባል። አዲሱ ከላዩ ተጽፎ ከጎኑ ፊርማ አለበት።

እትዬም የታተመውን ዝርዝር አወጡና በዚያው ዓይነት ቀጭን ቀይ መስመር የኔን ቀን ሰርዘው ትክክለኛውን ጻፉበት፤ ፈረሙም። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደኔ አዞሩና «አንተም ፈርም እንጂ፣ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ» አሉኝ። ፈረምሁ።