ይማር፦ ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

ፊደል በለየሁ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የዘይት ቆርቆሮ፣ የሱቅ በር፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር። አንድ ቀን አያቴ ለቅሶ ይዛኝ ሄደች። በድንኳኑ ምሰሶ ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ የማውቀው «ይማር» አንድ ብቻ ነው፤ ልላክህ ሲሉኝ አባቴ «ተዉት፣ ይማር» የሚለው። ጮክ ብዬ፣ «ማ»ን ጥብቅ አድርጌ አነበብኩና «እምዬ፣ ስንተኛ ክፍል ነው የሚገባው?» አልኳት።

ከንፈር ሲመጡ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አያቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ማታ ነገሩ የኔታ ዘንድ ቀረበ። «ልጁ ምን አጠፋ? ያሳሳተው ጽሕፈታችን ነው» አሉ። በግዕዝ መሀረ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህር የመጣው ከዚያ ነው። መሐረ በሐመሩ ሐ ሲሆን ይቅር አለ ነው፤ ምሕረትን ያስገኘው እሱ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ዋጠና አንዱን ተማረ፣ ሌላውን ማረ አለ። «ይማር» ላይ ሲገናኙ የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ማጥበቂያ የለውም።

«‹ተማረረ›ስ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ከመረረ። አንተን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በደንብ ገብቶኛል።»

ያቺ የለቅሶ ቤት ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት መራችኝ። ሁለቱን ግሦች ፍለጋ ገብቼ በመጽሐፉ በራሱ ታሪክ ተይዤ ቀረሁ። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ተማሪያቸው ኪዳነ ወልድ አደራውን ተቀብለው፣ ኢየሩሳሌም ሳሉም አገር ከገቡም በኋላ፣ ሲያርሙና ሲጨምሩ ኖሩ፤ እሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. አለፉ። የተማሪው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። በዚያም አላበቁ፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጣ።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ባነሳሁ ቁጥር ነፍስ ይማር እላለሁ፤ አጥብቄ። መጨረስ የፈለጉት ገና ብዙ ነበራቸውና፣ አትሳቁብኝ።