ላንጋኖ ላይ ሸራ ሲዘረጋ

ስምጥ ሸለቆ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ሙቀቱን ነው። ደራም ሆነ አዳማ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታኅሣሥ ላይ ግን እስቲ ማልዳችሁ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ቁሙ! ንፋሱ ጋቢ አልፎ አጥንት ይገባል።

ባለሸራ ጀልባ ደግሞ ያለ ንፋስ አይሄድም። ጥቂት የጀልባ ወዳጆች ተሰባስበው በዚህ ቡናማ ውሃ ላይ ውድድር ቢያሰናዱ እንዴት ያምር ነበር! ትልቅ ድግስ አያስፈልገውም። መነሻው በሁለት ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል ያለው መስመር ነው። ፊሽካው ሲነፋ፣ ሸራ ንፋስን ፊት ለፊት ሰንጥቆ መሄድ ስለማይችል፣ ተወዳዳሪው ግራና ቀኝ እየታጠፈ ወደ ንፋሱ መምጫ ይገፋል።

ዋናው ጣጣ ብርዱ ነው። ጀልባ ተገልብጦ የረጠበ ሰው፣ ንፋስ ሲመታው የሰውነቱን ሙቀት በፍጥነት ያጣል፤ ጣቱ ደንዝዞ ገመድ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ከዋንጫው በፊት ስለ ነፍስ አድን ሞተር ጀልባ፣ ስለ ደረቅ ልብስና ስለ ትኩስ ሻይ ያስብ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያልለበሰ አይነሳ። ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል መጠበቅም ነውር የለውም።

በጎረቤቱ ደንበል ሐይቅ ላይ የዛይ ሰዎች በደንገል ታንኳ ከደሴት ደሴት ሲመላለሱ ኖረዋል። የሐይቅን ጠባይ ከውሃው ጋር ከኖረ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ውድድር የምታሰናዱ ሁሉ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የላንጋኖን ዳር ነዋሪዎች አማክሩ። ንፋሱ ከበረታም ለሌላ ቀን አሳድሩት፤ ዋንጫ ይደርሳል፣ የሰው ሕይወት ግን አይተካም።