ፍርፋሪው ይበቃኛል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ስለ ራስ ሕመም መናገር ሌላውን ካልጠቀመ ከንቱ ነውና። ነገር ግን ባለፈው የጸሎተ ሐሙስ ዕለት አንዲት ታናሽ እኅታችን የታደላትን ጉልባን በእጇ እንደ ያዘች ሳትቀምሰው በአዳራሹ ጥግ ቆማ አየኋት። ቀርቤ ብጠይቃት እኔ ለዓመታት ስደብቀው የኖርሁትን ያንኑ ነገር ነገረችኝ። ያን ጊዜ የእኔ ዝምታ እርሷን ብቻዋን እንዳቆማት ተሰማኝ። ስለዚህ እነሆ እጽፋለሁ።

ሕመሜ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን በምጨርስበት ዓመት ነበር። ሆዴ ይነፋል፤ ተቅማጥ ይመላለስብኛል፤ ሰውነቴ ይከሳል፤ መዝሙር ለማጥናት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። አንድ ጊዜ ጨጓራ፣ ሌላ ጊዜ አሜባ፣ ደግሞም ታይፎይድ ነው ተባለ። የታዘዘልኝን ሁሉ ዋጥሁ፤ ለጥቂት ሳምንታት የተሻለኝ ይመስለኝና ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉ የሚገርመው በጾም ወራት ይበልጥ መበርታቱ ነበር። በዚህም ምክንያት ዘመዶቼ «የጎዳሽ ጾሙ ነው፤ ተዪው» ይሉኛል። ከባልንጀሮቼ አንዳንዶቹ ደግሞ «በጾም የሚብስ ደዌ የክፉ መንፈስ እንጂ የሥጋ አይደለም» ይላሉ። እኔም ሁለቱን በየተራ አምኛለሁ፤ ማታ ጾሙን እፈራለሁ፤ ጠዋት ራሴን እጠረጥራለሁ።

በመጨረሻም ወደ ጸበል ሄድሁ። ሰባት ቀን ከቆየሁ በኋላ በዚያ የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ አባት የገረጣ ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ሐኪም አይቶሻል?» አሉኝ። በእምነቴ ማነስ የወቀሱኝ መስሎኝ አፈርሁ። እርሳቸው ግን «ጸበሉን የባረከ አምላክ ሐኪሙንም ፈጥሯል። ይህንንም አትተዪ፤ ያንንም አትናቂ» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ይህን ምዕራፍ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ለራሴ ግን አልተረጎምሁትም ነበር።

የመረመረኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም የደም ማነሴ በብረት እንክብል አለመስተካከሉን ካየ በኋላ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ስትጾሚ የምታፈጥሪው በምንድን ነው?» አለኝ። ቆጠርሁለት፤ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን የምንቆርሰው ዳቦ፣ በቤት በሶ፣ ቅንጬ፣ ፓስታ። በፍስክ ወራት ግን አብዛኛው ምግቤ የጤፍ እንጀራ ነበር። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና የደም ምርመራ አዘዘልኝ፤ ምርመራው እስኪያልቅም ዳቦውን እንዳልተው አስጠነቀቀኝ፤ ምግቡ ቀድሞ ከቆመ ውጤቱ ሊሰወር ይችላልና። ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወሰደ። የሕመሙም ስም ሴሊያክ ሆነ። ለካስ የጎዳኝ ጾሙ አልነበረም፤ ጾሙን የፈታሁበት ስንዴና ገብስ ነበር።

ሴሊያክ ከስንፍናም ከቅንጦትም የሚመጣ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ ሰውነቱን ሊጠብቅ የተሰጠው መከላከያ ተነሥቶ የገዛ አንጀቱን ይወጋል። ምግብን የሚመጥጡት፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ሣር የበቀሉት ጥቃቅን ዘለላዎች ይጠፋሉ። ሰውየው ይበላል፤ ነገር ግን የበላው አይዋሐደውም። በማዕድ መካከል ይራባል። ዝንባሌው በዘር የሚወረስ ሲሆን እስከ ዕድሜ ልክ ግሉተንን ፈጽሞ ከመተው በቀር የታወቀ ሕክምና የለውም።

ስሙ «ሆድ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ይህን መሰል ደዌ በጥንት ዘመን ጽፎ ያቆየው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ነው። ቀጰዶቅያን ስሰማ ልቤ ወደ ቅዱስ ባስልዮስ ሄደ፤ በዚያችው አገር፣ በቂሳርያ ከተማ አጠገብ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ የሠራ፣ ሐኪሞችንም ያቆመ አባት ነውና። የሕመሙ ምክንያት ግን ተሰውሮ ቆይቷል። ዲክ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም አስቀድሞ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የጦርነት ረሃብ ዳቦ ከሆላንድ ገበታ ሲጠፋ እነዚህ ሕሙማን ሕፃናት ዳኑ፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። እርሱም የምርምር ጽሑፉን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ሌላው በተራበበት ክረምት እነዚያ ልጆች መፈወሳቸውን ባሰብሁ ቁጥር የእግዚአብሔር ጥበብ ያስደንቀኛል።

ወደ ቤት ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት «ይህማ ቀላል ነው፤ እግዚአብሔር ጤፍ ሰጥቶናል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቆጮና ቡላ ይህ ጎጂ ነገር የለባቸውም። ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልቀለለም። ወር ሙሉ የጤፍ እንጀራ ብቻ በልቼ ሕመሙ አልተወኝም። ኋላ ስንመረምር ጤፋችን የሚፈጨው ስንዴ ከተፈጨ በኋላ በዚያው ወፍጮ ነበር። እርሾውንም እናቴ የተዋሰችው ጤፉን ከገብስ ቀላቅለው ከሚጋግሩ ጎረቤታችን ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ «ከግሉተን ነጻ» የሚባለው ምግብ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን የሌለበት ነው፤ ከወፍጮ ድንጋይ ላይ የሚራገፍ ዱቄት ከዚህ ስንት እጥፍ ይሆን! እናቴ አዲስ እርሾ ከንጹሕ ጤፍ አበጀች፤ ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት እስክታገኝም ሦስት ሰፈር ዞረች፤ ሽሮውንና በርበሬውንም ለይታ ማስፈጨት ጀመረች። ከስድስት ወር በኋላ ደሜ ተስተካከለ፤ ጉልበቴም ተመለሰ።

የምግብ ቤቱ ችግር እንዲህ ተፈታ፤ የማዕዱ ግን ቀረ። የእኛ ሕይወት በማዕድ የተሳሰረ ነው። በጽዋ ማኅበር ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ የጠላው ብቅል ገብስ ነው፤ በቡሄ ሙልሙል፣ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ። ይህን ሁሉ አለመቅመስ አልበላም ማለት ብቻ ሆኖ አይታይም፤ በረከትን መናቅ ይመስላል። አንድ ጊዜ በእመቤታችን ዝክር አንዲት እናት «የማርያምን ዳቦ እምቢ ትያለሽ?» ብለው በሰው ፊት ጠየቁኝ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ቃል ግን አጣሁ። ቆርሼ በላሁ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ዳቦውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መውጣት፣ ቀጥሎም ምክንያት እየፈጠርሁ ከማኅበሩ መቅረት ለመድሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ቅዱስ ቁርባን ነበር። ኅብስቱ በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው ከንጹሕ ስንዴ ነው፤ ይህም እኛ እንደ ፈቃዳችን የምንለውጠው ነገር አይደለም። ጌታችንም ስለ ሞቱ ሲናገር በምድር ወድቃ በምትሞት የስንዴ ቅንጣት መስሏል (ዮሐ. 12፥24)። ኅብስቱ ተለውጦ እውነተኛ ሥጋው እንደሚሆን ያለ ጥርጥር አምናለሁ። ታዲያ ሕይወት የሚሰጠውን እንዴት እፈራለሁ? መፍራቴ ራሱ ክሕደት መሰለኝ። ለሐኪሙ የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ፣ ለንስሐ አባቴ ደግሞ የሕክምና ነገር ነው ብዬ ሁለቱንም ሳልነግር ዐሥራ አራት ወር ከቁርባን ራቅሁ። ጓደኞቼ ሲቆርቡ እኔ ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ አለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው በመጀመሪያ ያዘኑት በሕመሜ ሳይሆን በመደበቄ ነበር። «አባቴ፣ በእውነት ባምን ኖሮ አይጎዳኝም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሰይጣን በጠየቀው ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነግሮታል። አንቺም ሕመምሽን የእምነትሽ መለኪያ አድርገሽ ቅዱሱን ምሥጢር አትፈትኚበት። ስትታመሚም ሥጋውን አትጠርጥሪ፤ የተቀበለው ሰውነትሽ ደካማ ነውና። ነገር ግን አትራቂ። ክርስቶስ በብዙው እንጂ በጥቂቱ የማይገኝ ይመስልሻል? በምታንሰው ፍርፋሪ ምሉዕ ነው። ከነናዊቷ ሴት ከማዕዱ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ለመነች እንጂ ሙሉውን እንጀራ አልጠየቀችም፤ ልጇም ዳነች (ማቴ. 15፥27)።»

ከዚያም የሐኪሜን አስተያየት ይዤላቸው እንድመጣ አዘዙኝ፤ ከደብራችን ካህናት ጋርም ተመካከሩ። የምቀበልበትን ሁኔታ የወሰኑልኝ እርሳቸው ናቸው። ሐኪሙም ያውቀዋል፤ በምርመራም ይከታተለኛል። ዝርዝሩን በዚህ አልጽፍም፤ ለእኔ የተወሰነው ለሌላው ሕግ ሊሆን አይገባምና። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባችሁ ሁሉ ግን ይህን አንድ ነገር እንድትይዙ እለምናችኋለሁ፤ ከንስሐ አባታችሁም ከሐኪማችሁም አትደብቁ፤ ብቻችሁን አትወስኑ። በዓለ ጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ከዐሥራ አራት ወር በኋላ፣ ከዓምዱ ጀርባ ወጥቼ ቀረብሁ።

ብዙዎች «ያንቺ ኑሮ ፋሲካ የሌለው ጾም ነው» ይሉኛል። በመጀመሪያ ይህ አባባል ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አሁን ግን አልቀበለውም። ጾም በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ ሕመም ግን ሳንጠራው ይመጣል። ስንዴ ባለመብላቴ ጿሚ አልባልም፤ በዚህም ልመካ አይገባኝም። ይሁን እንጂ ጾም አስቀድሞ አስተምሮኛል፤ የፊቴን ምግብ ትቼ እንዳላጉረመርም፣ ሰው ሲበላ አይቼ እንዳልቀና አለማምዶኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ውኃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ደቀ መዝሙሩን በእምነት ማነስ አልነቀፈውም፤ ለደካማ ሰውነቱ አሰበለት እንጂ። የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውም (ሮሜ 14፥3) ስለ ሕመም ባይሆንም ለማዕዳችን ይጠቅማል።

የማኅበራችን እኅቶች ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ማንም ሳያዝዛቸው አንድ ነገር ጀምረዋል። ዝክር ሲኖር ከዳቦው ሌላ በተለየ ሰፌድ የጤፍ ቂጣ ያቀርባሉ፤ ከዳቦው እንዳይነካካም ራቅ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ካህኑም አብረው ይባርኩታል። ያ በሰው ፊት የጠየቁኝ እናት ምክንያቱን በሰሙ ጊዜ አለቀሱ፤ አሁን ቂጣውን የሚጋግሩልኝ እርሳቸው ናቸው። ንጉሥ ዳዊት እግሩ ሽባ የነበረውን ሜምፊቦስቴን ከማዕዱ አላራቀውም፤ ዘወትር ከእርሱ ጋር እንዲበላ አደረገው እንጂ (2ኛ ሳሙ. 9)። በማኅበራችን ያየሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በማዕድ መካከል እጁን የሚሰበስብ ሰው ስታዩ «እምቢ አለ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሆንህ?» በሉ። ሕመምተኞች የሆናችሁም እንደ እኔ በነጠላችሁ ጫፍ አትቋጥሩ፤ ተናገሩ። ያቺ ታናሽ እኅታችን በሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ብቻዋን አትቆምም፤ ስንዴ ያልገባበት የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ በተለየ ድስት ቀቅለን አብረን እንበላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።