ሰልፉን አልፈው ገቡ

የአሜሪካው የሚኒሶታ አየር መንገድ የኖርዝዌስት ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2005 ወደ 4,400 የሚጠጉ የአየር መንገዱ መካኒኮችና የጽዳት ሠራተኞች አድማ መትተው ወጡ። ኩባንያው ከደመወዛችሁ ሩብ ያህሉ ይቀነስ፣ 2,000 ያህላችሁ ተሰናበቱ፣ ሥራውን ለውጭ ኮንትራክተር እሰጣለሁ ብሏቸው ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም፤ በአውሮፕላን ከባድ ጥገና ላይ ወንበሩ ሁሉ ይወጣል፣ የወለሉ ንጣፍ ይነሣል። መካኒኩ ባትሪና መስታወት ይዞ፣ በጠባብ ቦታ ተጣጥፎ፣ ዝገትና ስንጥቅ ሲፈልግ ሳምንታት ያልፋሉ። አብዛኛው ወጪ የሰው ጉልበት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑን ባዶውን ወደ እስያ ወይም ወደ ኤል ሳልቫዶር አብርሮ ማሠራት ያዋጣል። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ አገር ጥገናን ደንብ በ1988 ካላላ ወዲህ ደግሞ የሚከለክል የለም። እዚያ የሚሠራው ሰው በግሉ የአሜሪካ ፈቃድ እንዲይዝ እንኳ አይገደድም። የሚኒሶታው መካኒክ ደመወዝ ጨምሩልኝ ባለ ቁጥር «እንግዲያው ሥራውን እንልከዋለን» ይባላል። በሕዝብ ገንዘብ ታግዞ በ1996 የተከፈተው የኩባንያው የዱሉዝ ጥገና ማእከል እንኳ በዚያው በ2005 ተዘጋ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ሌሎቹ የኩባንያው የሠራተኛ ማኅበራት አድመኞቹን ትተው ሥራ ገቡ። አብራሪዎቹ በረሩ፤ አስተናጋጆቹ የአድመኞቹን ሰልፍ አልፈው ሥራ ጀመሩ። የሻንጣ ጫኞቹ ማኅበርማ ቂም ነበረው፤ መካኒኮቹ በ1999 ከእሱ ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር ይዘዋል። (እነሱም ቢሆኑ «እኛ ባለሙያ ነን» ብለው ከሌላው መራቃቸው ምን ጠቀማቸው?) ግን ምነው ያ ቂም ለአንድ ወር እንኳ በተረሳ! ኩባንያው ተተኪ መካኒክ አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ተተኪ አብራሪ ግን በአንድ ሌሊት ከየት ያመጣ ነበር? ያን ቀን አብረው ቢቆሙ አውሮፕላኖቹ አይነሡም ነበር።

ወሩ ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 14፣ ኩባንያው በኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ገባ። ከዚያ የአብራሪዎቹም የአስተናጋጆቹም ደመወዝ ተቆረጠ። አስተናጋጆቹ በቀጣዩ ዓመት በተራቸው አድማ እንመታለን ቢሉ ፍርድ ቤት ከለከላቸው። መካኒኮቹ ያን ጊዜ ውጭ ከቀሩ ዓመት አልፏቸዋል።

አድማው በኖቬምበር 2006 በይፋ ሲያበቃ አብዛኞቹ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም።