«ፋየር ሳይንስ ደግሞ ምን ትምህርት ነው?»

ደለስ ኤርፖርት ተራ ይዤ ነው የምጽፈው። ከፊቴ አርባ ምናምን ታክሲ ስላለ ዛሬ ረዘም ይልባችኋል፤ ቻሉኝ።

ትልቋ ልጄ ሃይስኩል ስትጨርስ እኔና እናቷ ነገሩን ወስነን ጨርሰን ነበር። ነርሲንግ፣ ካልሆነ ፋርማሲ። የቀረው የእሷ መስማማት ብቻ ነው። አንድ እሑድ ቡና እየተጠጣ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ፋየር ሳይንስ ነው የምማረው፣ እሳት አደጋ መሥራት እፈልጋለሁ» አለችን። እናቷ ሲኒውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከእኔ አፍ የወጣው ደግሞ «እሳት ለማጥፋት ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ውኃ ነው እኮ!» የሚል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ንቀት ብቻ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ አገር ስነዳ ሳይረን በሰማሁ ቁጥር ጥግ ይዤ አሳልፌያቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ከሚሸሸው ቤት የሚገቡ ሰዎች ናቸው። «እግዜር ይርዳቸው» ብዬ ወደ መንገዴ እመለሳለሁ። የኔ ልጅ እዚያ መኪና ላይ ትቀመጣለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የማኅበር ጓደኞቼ «ልጅህ ምን ገባች?» ሲሉኝ «ሳይንስ» እል ነበር። መቼም አልዋሸሁም፤ ፊት ያለችውን «ፋየር» ብቻ ነው የዋጥኳት።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መኪናዋ ተበላሸና ማታ ማታ እኔ አመላልሳት ጀመር። እሷ ለፈተና ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ደግሞ የታክሲ አመል ሆኖብኝ ዝም ብዬ መንዳት አልችልም፣ እጠይቃለሁ። እሳት እንዲነድ አራት ነገር ያስፈልገዋል አለችኝ፦ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ እና ራሱን በራሱ የሚያስቀጥል የኬሚካል ሰንሰለት። ካራቱ አንዱን ከነጠቅከው ይጠፋል። «ውኃ ነው እኮ» ያልኳትንም አልረሳችም። በተቃጠለ ዘይት ላይ ውኃ ብታፈስ ከሥር ሄዶ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ እጥፍ ገደማ ይነፋል፣ የሚነደውን ዘይት ይዞ ፊትህ ላይ ይወጣል። ክዳን ግጠምበት፣ ምድጃውን አጥፋ፣ አትንካው።

ያስደነገጠኝ ግን የጭሱ ነገር ነው። ለካስ ጭሱ ራሱ ይቃጠላል! ጣሪያ ሥር ይጠራቀምና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይያያዛል። ፍላሽኦቨር ይሉታል። የዛሬው ሶፋ አብዛኛው ከነዳጅ የሚሠራ ፎም ስለሆነ አምስት ደቂቃ እንኳ ላይሞላው ይችላል። ስለዚህ የጭሱን ቀለም፣ ውፍረትና ፍጥነት እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይማራሉ። የሕንፃ አሠራር ይማራሉ፣ የትኛው ወለል ቶሎ እንደሚከዳ። ሒሳብም አለው። የሚሄደው ውኃ እጥፍ ሲሆን ቱቦው ውስጥ የሚባክነው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ነው «ውኃ ነው እኮ» ያልኩት።

አንድ ማታ ወንበር ላይ ወጥታ ኮሪደር ላይ ያለውን የጭስ አላርም ከፈተችው። ባዶ ነው። ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቡና በተቆላ፣ እጣን በጨሰ ቁጥር እየጮኸ እንግዳ ሲያሳፍረን። (ስንቶቻችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ አትሳቁ።) አልተቆጣችም። «አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ከሰል ነገረችኝ። ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይለጠፋል። የጭስ አላርም እንኳ አያውቀው፣ የራሱ አላርም ያስፈልገዋል።

እኔ ልጅ ሆኜ በክረምት ከሰል አስገብተው በራቸውን ዘግተው የተኙ ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ጠዋት አልተነሡም። ትልልቆቹ «ጋኔን ነው» አሉ። እኔም ስንት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ እየሮጥኩ ነበር። ያን ማታ ከልጄ ደብተር ላይ ነው የሞቱበትን ምክንያት ያወቅኩት። ምንም አልመለስኩላት፤ ወጥቼ ባትሪ ገዛሁ።

በጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ የመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነድ አብረን በስልክ አየነው። እኔ ለነጋዴው አለቅሳለሁ፣ እሷ «መንገዱ ስንት ሜትር ይሰፋል? ውኃው ከየት ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። መጀመሪያ ተናደድኩባት። በኋላ ሳስበው ከሁለታችን ስለሚጠቅም ነገር ያሰበችው እሷ ነበረች።

ዲግሪው ብቻውን ግን ሥራ አያስገባም፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ብዙ ቦታ ለመቀጠር የሚጠይቁት የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው፤ ትምህርቱ በኋላ ለእድገት ይጠቅማል። ኢኤምቲም ያስፈልጋታል፣ ከሚደወልላቸው አብዛኛው የሕመም ጥሪ ስለሆነ። (እናቷ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ግማሽ ነርስ ናት» ብላ ትንሽ ተጽናናች።) ከዚያ የጉልበት ፈተናው አለ። ሃምሳ ፓውንድ ሰደርያ ለብሶ ስምንት ሥራ በ10 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መጨረስ ነው። ደረጃው ላይ ሌላ ሃያ አምስት ይጨመራል። ባለፈው የመጨረሻው ላይ፣ ጣሪያ በብረት ዘንግ እየወጉ መጎተት ላይ፣ ሰዓቱ አለቀባት። መኪና ውስጥ አለቀሰች። እኔ እንደ አባት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አሁን ማታ ማታ የጤፍ ከረጢት ተሸክማ የሕንፃችንን ደረጃ ትወጣለች። እኔ ታች ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ። እናቷ በመስኮት ታየናለች፣ አንድም ቀን ግን ወርዳ አታውቅም። ቅዳሜ ድጋሚ ትፈተናለች፣ ሥራ አልወጣም። ትለፍ ብዬ ልጸልይ ወይስ ትውደቅ ብዬ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ተራው ተንቀሳቀሰ፣ ልሂድ።